የሰርዳሩ ሁለተኛ እጅ

ፈረሰኛው ከሲኮች የጸሎት ቤት ከጉሩድዋራው በር ሲደርስ፣ ቢሻን ካውር የቂጣውን ቅርጫት ታቅፋ መሬት ላይ በረድፍ ለምሳ ከተቀመጠው ሰው ግማሹን አዳርሳ ነበር። ሰውየው ከፈረሱ ሳይወርድ፣ «ሰርዳር ጃግዋንት ሲንግ አረፉ» አለ። ያልደረሰው ግማሽ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። እሷ ግን ቅርጫቱን ወደ ሌላው ጎኗ አዛወረችና ቀጥሎ የተቀመጠውን ሸክላ ሠሪ «ሁለት እጅ» አለችው። ቂጣውንም ሰጠችው። ሰው ተርቦ ተቀምጧል፤ ለልቅሶ ከምሳ በኋላም ጊዜ አለ።

ሰርዳሩ የኮት ነራይን ገዢ ነበሩ። ከተማዋን በግንብ ያጠሩ፣ ከቢያስ ወንዝ ቦይ ቀደው እርሻውን ያጠጡ እሳቸው ናቸው። ጦርነታቸውን የሚተርክ ሰው ሞልቷል። ቢሻን ካውር የምታውቃቸው ግን መሬት ላይ ተቀምጠው ነው።

ወደ ጉሩድዋራው የመጣችው ወንዙ ሞልቶ ባሏንና ጎጆዋን በወሰደባት ዓመት፣ በሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። አንድ ሳምንት ከነጻው ማዕድ በላች። በስምንተኛው ቀን ዝም ብሎ መብላቱ አሳፈራትና ቅርጫት አነሳች። ወጥ ሠሪው ባባ ቴሉ ሥራውን ያስተማራት በቆመበት ነው። «ሁሉም መሬት ይቀመጣል። ሁሉም በሁለት እጁ ይቀበላል። ማን እንደሆነ አትጠይቂ። ቂጣው እንዳይበርድ፣ በቃ።»

ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ቀን፣ አቧራ የጠጣ ኩታ የተከናነበ ሰው አንድ እጁን ብቻ ዘረጋላት።

«ሁለት እጅ!» አለችው።

ሰውየው ያንኑ አንድ እጁን እንደዘረጋ ነው።

«አንተን እኮ ነው! እዚህ ቤት ጌታ የለም። እንደ ቀረጥ በአንድ እጅ ልትሰበስብ ነው?»

ሰውየው ኩታውን ገለጥ አደረገው። የግራ እጅጌው ባዶ ነበር። «ሌላኛው ከወንዙ ማዶ ጦር ሜዳ ቀርቷል» አላት። «ሰው ልላክበት ወይስ ቂጣው ይበርዳል?»

ረድፉ በሳቅ ፈነዳ። ባባ ቴሉ ግን ጭልፋውን ጥሎ እየሮጠ መጣ። «ምን አደረግሽ አንቺ! ሰርዳሩ እኮ ናቸው!»

ሰርዳሩ እጃቸውን አልሰበሰቡም። «ልጅቷ ልክ ናት፤ እዚህ በአንድ እጅ አይበላም» አሉ። «እስቲ አንድ እጅ አበድሪኝ።»

ቢሻን የግራ መዳፏን ከመዳፋቸው ጎን አስጠጋች። በቀኟ ቂጣውን አንስታ በሁለቱ ላይ አኖረችው።

ከዚያ ወዲያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ሰርዳሩ ከተማ ውስጥ ካሉ ከሷ ረድፍ ሌላ አይቀመጡም ነበር። ብዙ አያወሩም። «ቢቢ፣ እመቤቴ፣ ቂጣው ዛሬ ጠቁሯል» ይሏታል። «ስንዴው ከእርስዎ እርሻ የመጣ ነው፣ ሰርዳር ጂ» ትላቸዋለች። ይስቃሉ፤ መዳፏን ታስጠጋለች።

በሞቱ በአሥረኛው ቀን የመታሰቢያው ማዕድ ሆነ። ልጃቸው ሃርናም ሲንግ አዲሱን የገዢነት ጥምጥም አድርጎ ከአሥራ ሁለት መኳንንት ጋር ገባ። አሽከሮቹ ከግድግዳው ሥር የእንጨት መደብ ሠርተው ምንጣፍ አንጥፈውበት ነበርና እዚያ ላይ ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቤት ታይቶ አያውቅም።

ባባ ቴሉ፣ ያኔ ዓይኑ ደክሞ፣ ቀሚሷን ሳብ አደረጋት። «ቢቢ፣ ዛሬን ዝም በይ። ልጁ ከከፋው ስንዴውን ያስቆመዋል። ያን ጊዜ ይሄን ሁሉ ሰው በምን ልንመግበው ነው?»

«ዛሬ መደቡን ዝም ካልን ነገ ረድፉ የለም» አለችው። «ያኔ ስንዴው ምን ያደርግልናል?»

ረድፉን አዳረሰች። መደቡ ዘንድ ስትደርስ አልፋ ሄደች።

«ቢቢ!» አለ ሃርናም ሲንግ። «አላየሽንም እንዴ?»

«ዓይኔስ ደህና ነው ልጄ። ወገቤ አርጅቶ ነው፤ መደብ ላይ አልወጣም።»

አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሃርናም ሲንግ ቀልቶ አንድ እጁን ዘረጋ። «አባቴ በአንድ እጁ ነበር የሚቀበለው። እኔ ደግሞ የሱ ልጅ ነኝ።»

«አባትህ አንድም ቀን በአንድ እጃቸው ተቀብለው አያውቁም» አለች ቢሻን። «ሁለተኛቸው ይቺ ነበረች።» የግራ መዳፏን ከፍ አድርጋ አሳየችው። ትኩስ ቂጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለበለበው መዳፍ ነው።

መጀመሪያ የተነሳው ከሰርዳሩ ጋር የዘመተ አንድ ሽማግሌ መኮንን ነው፤ ወርዶ ከሸክላ ሠሪውና ከቆዳ ፋቂው መካከል ተቀመጠ። ሃርናም ሲንግ መዳፏን አየ፤ ረድፉንም አየ። ከዚያ ወርዶ እግሩን አጣጠፈና ሁለት እጁን ከፈተ።

«በርዷል እኮ» አለ ቂጣውን ተቀብሎ።

«ማን አስበረደው?»

ረድፉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ከኋላ አንዱ የድሉን ጩኸት አነሳ። «ሳት ስሪ አካል! እውነት ዘላለማዊ ነው!» ብሎ ሦስት መቶ ሰው ሲመልስለት የጣሪያው ርግቦች ተነሡ።

መደቡ በማግስቱ ተፈልጦ ለምድጃው ማገዶ ሆነ። ቢሻን በማዕዱ ቀን ማታ፣ ዕቃው ታጥቦ ካለቀ በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች፤ በአሥር ቀን ውስጥ የመጀመሪያዋ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ተጨማሪ ቅርጫቱን ይዛ፣ በቀደም ማለዳ አረፈች። ስንዴው አንድም ቀን አልተቋረጠም። መደብ የሠራም የለም።

ሰርዳሩ ሊሞቱ ሰሞን ያስጀመሩት የማዕድ ቤቱ የምዕራብ ጣሪያ ግን የሚጨርሰው ጠፍቶ እስካሁን አላለቀም። ዝናብ ሲመጣ በዚያ በኩል የተቀመጠው ሰው ዛሬም ይበሰብሳል።