ለሴት ልጅ የነደደ እሳት

ልጅ ሳለሁ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ከአንድ የፑንጃብ ቤተሰብ ጋር ግድግዳ እንጋራ ነበር። ለልጃቸው፣ ለክፍል ጓደኛዬ ለሲምራን፣ ታናሽ እህት ስትወለድላት አያቷ ቢጂ ሎህሪን ሊደግሱ ተነሡ። ሎህሪ በጥር ብርድ ደጅ እሳት የሚነድበት የሀገራቸው የአዝመራ በዓል ነው፤ ቤት ውስጥ አዲስ ልጅ ሲኖር ደግሞ ድግሱ ይሰፋል። ያኔ ያልገባኝ፣ ብዙዎቹ ይህን የሚያደርጉት ለወንድ ልጅ ብቻ መሆኑ ነው።

የሲምራን አጎት፣ የቢጂ ታላቅ ልጅ፣ በአቅራቢያችን ካለችው ከሄርንደን ከተማ ደውሎ ለሴት ልጅ እንዲህ ያለ ወግ እንደሌለ፣ እሱም ሌሎቹ ዘመዶችም እንደማይመጡ ተናገረ። ቢጂ አልተቆጡም። ስልኩን ዘግተው የእኛን በር አንኳኩና እናቴን ለድግሱ ጠሯት።

በዕለቱ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጥሎ ጓሮ የተከመረውን እንጨት አራሰው። የሲምራን አባት ዘንድሮን በሻማ እንለፈው ቢላቸው፣ ቢጂ ሻላቸውን ተከናንበው የወጥ ቤት ቢላዋ ይዘው ወጡ። ከብረቱ ማንደጃ አጠገብ ተቀምጠው እርጥቡን ቅርፊት እየላጡ፣ ደረቁን ውስጡን እየሰነጠቁ ክብሪት ይጭሩ ጀመር። እኛ ጭሱ ዓይናችንን ሲለበልበን ወደ በሩ ሸሸን፤ እሳቸው ግን እንባቸውን እየጠረጉ፣ ሲጠፋ እንደገና፣ ሲጠፋ እንደገና ጫሩ። አመሻሹ ላይ ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ተነሣ።

ከበዓሉ ጋር የሚነገረውን ተረት የጀመሩት ያኔ ነው። እሳቸው በፑንጃቢ፣ ሲምራን በእንግሊዝኛ፣ እኔ ደግሞ ለእናቴ በአማርኛ። ሹማምንት የድሃ ሴት ልጆችን እየነጠቁ ሲሸጡ፣ አንድ ሽፍታ እያስጣለ ይድራቸው ነበር። አንዷን ሲድር፣ ዘመዶቿ ሁሉ ሹሙን ፈርተው ሠርጉ ላይ ዝር ስላላሉ፣ ጫካ ውስጥ እሳት አንድዶ ራሱ እንደ አባት ቆመላት፤ ስጦታውም እፍኝ ስኳር ነበር።

እናቴ፣ «አንድም ዘመድ አልመጣም? እስቲ ጠይቂልኝ» አለችኝ።

ጥያቄው በሲምራን በኩል ደረሳቸው። ቢጂ ፍሙን እየቆሰቆሱ የመለሱትንም ለእናቴ ነገርኳት፦ «አልመጡም። እሱ ግን ዳራት።»

ከዚያ ሕፃኗን ታቅፈው እሳቱን ዞሩ። እኛም ሰሊጥ፣ ለውዝና ፈንዲሻ ወደ እሳቱ እየበተንን ተከተልናቸው።

በዓመቱ እናቴ ሴት ልጅ ወለደች። ቢጂ ማንም ሳይጠይቃቸው መጥተው «የዘንድሮው ሎህሪ የእሷ ነው» አሉ። በዚያ ሎህሪ ከሄርንደን የመጣውን ታላቅ ልጃቸውን ከሰው ኋላ ቆሞ አየሁት። ቢጂ እጁን ይዘው እፍኙን ሰሊጥ ሞሉለት።

ዛሬ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የዚያን ሽፍታ ስም እንኳ ረስቼዋለሁ። አብሮኝ የቀረው፣ ትክክል ነው ያልኩትን ነገር ለመጀመር ሰው እስኪሰበሰብ አለመጠበቅ ነው፤ አንዳንዱ ነገር ሰው የሚመጣለት ከተጀመረ በኋላ ነው።