እሱ ላይ ማር፣ እኔ ላይ ጭስ

ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ገበያ ውስጥ ሥራ ያገኘሁት በክንዴ ነው ብል አልዋሸሁም። ዘመኑ በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ነው። አሠሪዬ ባሏ የሞተባት ሶማሊ ነበረች፤ ገበያው ሁሉ «ማማ» ይላታል፣ እኔም እንደዚያው። ሱቋ ከአንድ የጨርቅ መደብር ደረጃ ሥር የተወሸቀች ጠባብ ክፍል ናት፤ የምትሸጠው ደግሞ ኡድ ብቻ። ኡድ የታመመ እንጨት ነው። ሩቅ ምሥራቅ የሚበቅል አንድ ዛፍ ሲቆስል ቁስሉ ላይ ጥቁር ሙጫ ይቋጥራል፣ ያንን ቀቅለው ዘይት ያወጡለታል። ዘይቱን ሰው ገላው ላይ ይቀባዋል፤ ፍልጩን ከሰል ላይ ያጨሰዋል።

መጀመሪያ ቀን ማማ የህንዱን ኡድ ስታሸተኝ «ኧረ ይሄ በረት ነው!» ብዬ አፍንጫዬን ያዝኩ። አልተቆጣችም። እጄን ሳብ አድርጋ አንጓዬ ላይ አንዲት ጠብታ ቀባችኝና «ሂጂ ጥረጊ፤ ከሰዓት በኋላ ትነግሪኛለሽ» አለችኝ በስዋሂሊ። ከሰዓት በኋላ በረቱ የለም! አዲስ ቆዳ፣ ከቆዳው ሥር ጭስ፣ ከጭሱ ሥር ደግሞ ደረቅ እንጨት። ካሳራኒ ቤቴ ገብቼ በሳሙና ታጥቤ እንኳ አልለቀቀኝም። በማግስቱ ማማ ክንዴን አሸተተችና ዓይኗን ጨፈነች። ቆዳዬ ይይዛል አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሱቁ ናሙና እኔ ሆንኩ።

ማማ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጎ ማሸተት የሚባል ነገር አትወድም፤ ኡድ ገላ ላይ ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ ጠዋት አንጓዬ ላይ ትቀባለች፣ ረፋድ ላይ ክንዴ መሃል፣ ቀትር ላይ ክርኔ አጠገብ። ደንበኛ ሲመጣ እጅጌዬን እጠቀልላለሁ። ሰዎቹ ክንዴን እንደ በቆሎ እሸት ወደ አፋቸው አስጠግተው ከክርን እስከ አንጓ ያሸታሉ፤ አሁን የተቀባው ምን እንደሚመስል፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ ምን እንደሚሆን አንድ ክንድ ላይ ያዩታል። መጀመሪያ አፍሬ ነበር። በኋላ ግን፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ኮራሁ። በዚያ ከተማ የመኖሪያ ወረቀቴን እንጂ እኔን የሚፈልግ አልነበረም፤ ለክንዴ ግን ሰው ይሰለፋል።

ላገባው የነበረውን ሰውዬ ያገኘሁት ቤተክርስቲያን ነው። ሁለታችንም ጴንጤ ነን። እሱ መዘምራን ውስጥ ነበር፤ ድምፁ መልካም፣ ፈገግታው መልካም፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። እህቱ ላቪንግተን የምትኖር የተመቻት ሴት ናት፣ እሱም ከባሏ ቢሮ ይሠራል። እናቱ አዲስ አበባ ናቸው። በየሳምንቱ ሲደውልላቸው ስልኩን ያቀብለኛል፣ እሳቸውም «ልጄ፣ በላሽ? ጠጣሽ?» ይሉኛል። ይህችን ስሰማ ሆዴ ይባባል። የራሴ እናት እኔ ናይሮቢ በገባሁ በዓመቱ ነው የሞተችው፤ ቀብሯ ላይ አልቆምኩም። ወረቀት የሌለው ሰው ለቀብር አይመለስም። እንግዲህ ባሉን ብቻ አልነበረም የፈለግኩት። «እማዬ» ብዬ የምጠራው ሰው ነበር የፈለግኩት፤ ይህንን ለሱም ነግሬዋለሁ።

እናቱ እኔን ለማየት ናይሮቢ ሊመጡ ነው ሲባል ማማ ከመደርደሪያው ኋላ የምትደብቀውን ብልቃጥ አውጥታ ሰጠችኝ። ሙሽራ ያለ ኡድ አትወጣም፣ እኛ ዘንድ ነውር ነው አለች። የጣት ቁመት የማታክል ብልቃጥ ናት፣ ያረጀ የህንድ ኡድ፣ ጥቁር ቡኒ። ለሱ ግማሹን በሌላ ብልቃጥ ገልብጬ ሰጠሁት። አንድ እሑድ ከቤተክርስቲያን በኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን አንጓችን ላይ እኩል ቀባንና ጠበቅን። ጉድ ነው! እሱ ላይ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጭሱ ጠፍቶ ማር ሆነ፤ የዋንዛ ፍሬ የመሰለ ጣፋጭ ነገር። እኔ ላይ ግን ያው ጭስ፣ ያው ቆዳ፣ እስከ ማታ። ከአንድ ብልቃጥ የወጣ ነው ብትል የሚያምንህ የለም። «አንቺ በረቱን ውሰጂ፣ እኔ ቀፎውን» ብሎ ሳቀብኝ። አንጓዬን ስሞ ግን «ያንቺ ይበልጣል» አለኝ። ይህንን ልብ በሉልኝ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ ላቪንግተን እህቱ ቤት፣ በስምንት ሰዓት። የቤተክርስቲያናችን ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ የጸሎት አገልጋይ ተጠርተዋል። እኔ እስከ ቀትር ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ከሞምባሳ የመጡ የሙሽራ ዘመዶች ክንዴን ከክርን እስከ አንጓ ሞልተውት ሄዱ። በሎሚ ፈገፈግኩት፣ በኦሞ ፈገፈግኩት፣ ቀላ እንጂ ሽታው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ የባሰው ሞኝነቴ ደግሞ ቀሚሴ ነው። እንዳይጨማደድብኝ ብዬ ከዋዜማው ሱቅ ወስጄ ጓዳ ሰቅዬው ነበር። ማማ ጠዋት ጠዋት ፍልጭ የምታጨስበት ጓዳ! ነጩ የሀበሻ ቀሚሴ ከነነጠላው ሌሊቱንና ጠዋቱን ጭስ ሲጠጣ አድሯል። ለበስኩት። አፍንጫዬ ለምዶት ምንም አልሸተተኝም። ማማ «ማሻአላህ» ብላ አገላብጣ አየችኝና በራሷ እጅ ከጆሮዬ ኋላ ቀባችኝ።

ስደርስ እናቱ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ነጭ ሻሽ ያሰሩ፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የሱን የመሰለ። ልጃቸውን አንገቱን አቅፈው ሳሙትና «ወይ ልጄ፣ እንዴት ያለ ሽቶ ነው የተቀባኸው? ማር ማር ትላለህ!» አሉት። ልቤ በደስታ ዘለለች፤ የኔው ስጦታ ነው። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። አንድ ጊዜ ሳሙኝ። ሁለተኛው ላይ ቆሙ። ሦስተኛው አልመጣም። እጃቸው ትከሻዬ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ፣ ፊታቸው ዓይኔ እያየ አመድ መሰለ።

«ይህን ሽታ አውቀዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው።

ነገሩን የነገሩን ከተቀመጥን በኋላ ነው፣ ለኔ ሳይሆን ለሽማግሌዎቹ። ታላቅ እህታቸውን ዛር ይዟት ነበር። ዛሩ በየወሩ ሽቶ ይጠይቃል፣ ቀይ ልብስ ይጠይቃል፣ ጭስ ይጠይቃል። ቤቱ ሁሉ እንዲህ ይሸት ነበር፣ እህታቸውም እንዲህ እየሸተተች ሞተች። እሳቸው ወደ ጌታ የመጡት ከዚያ ሽታ ሸሽተው ነው። ዛሬም ድረስ በሳቸው መፍረድ የሚከብደኝ ለዚህ ነው፤ እውነተኛ ፍርሃት ነበር። እዚያው ሳለሁ ግን ፈገግ ብዬ «እማዬ፣ የሥራዬ ሽታ እኮ ነው፤ ኡድ ነው የምሸጠው» አልኳቸው። አሁን እንስቃለን ብዬ ጠበቅኩ።

«ጨርቅ ቤት ነው የምትሠራው አላልከኝም?» አሉት ልጃቸውን።

ጨርቅ ቤት! ለካ ሥራዬንም ደብቆልኛል። እሱ ምንጣፉን ያያል።

የጸሎት አገልጋዩ ተነሣ። ወንበር መሃል ሳሎን ተደረገ፣ እኔም ተቀመጥኩ። ለምን ተቀመጥሽ አትበሉኝ፤ የባሌ እናት የሚሆኑት ሴት እያለቀሱ «ልጄ፣ ላንቺ ብዬ ነው» ሲሉኝ ምን ላድርግ? ጸሎት መቼም ክፉ አይደለም፣ ይጸልዩና ያልፋል አልኩ። ጎረቤት እንዳይሰማ መስኮቱን ሁሉ ዘጉት። አራት አምስት እጅ ራሴና ትከሻዬ ላይ ወረደ። ጩኸቱ ጀመረ፣ «ውጣ! በኢየሱስ ስም ውጣ!»

ኡድ ደግሞ፣ አይ ኡድ! ሙቀት ሲያገኝ ነው የሚነሣው። ደንበኛ ሲመጣ ክንዴን አሽቼ የማሞቀው ለዚህ ነው። እዚያ ዝግ ቤት ውስጥ፣ ያ ሁሉ እጅ ተጭኖኝ፣ ላቤ ከጀርባዬ ይንቆረቆራል፤ ቀሚሱም፣ ክንዴም፣ ጆሮዬም አንድ ላይ ተነሡ። እኔ ራሴ ሸተተኝ። ሳሎኑ የማማ ጓዳ ሆነ። «ሸተታችሁ?» አለ አገልጋዩ፣ «እየወጣ ነው! እየተገለጠ ነው!» እኔን ባላበኝ ቁጥር እሱ ይበረታል፣ እሱ በበረታ ቁጥር እኔን ያልበኛል። የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን ኖሮ በሳቅ እሞት ነበር።

በመጨረሻ እጃቸውን ገፍቼ ተነሣሁ። «ጠይቁት!» ብዬ ጮህኩ። «እሱም ተቀብቷል! ያው ብልቃጥ ነው፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት! ቅድም ማር ማር ይላል ያሉት ከኔ ጋር አንድ ነው!»

እናቱ ወደ ልጃቸው ሄደው አንገቱን አሸተቱት፣ ረጅም ጊዜ። አሁን ሳስበው እሳቸውም የፈለጉ ይመስለኛል፣ ሽታው አንድ እንዲሆንላቸው። «ይሄ ሌላ ነው» አሉ። «ልጄ፣ እውነቷን ነው? ሰጥታሃለች?»

ቀና ብሎ አየኝ። ያ አንጓዬን የሳመ አፍ ነው።

«የምትለውን ሽቶ አላውቀውም» አለ። «የኔ ከሱቅ የገዛሁት ነው።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አንድ ቃል እኮ ነው፤ «አዎ» ቢል ሁላችንም ቁጭ ብለን ሻይ እንጠጣ ነበር። ነጠላዬን አነሣሁ። «በሉ፣ ከነውቃቢዬ ልሂድላችሁ» አልኳቸውና ወጣሁ። አገልጋዩ ሦስት ቀን ጾም ያስፈልጋታል ሲል ከኋላዬ ሰማሁት። ማታቱ ውስጥ፣ የናይሮቢው ታክሲ ነው፣ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ሳለቅስ አይታ «ፖሌ» አለችኝ፣ አይዞሽ ማለቷ ነው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ምን ተቀብተሽ ነው፣ ደስ ሲል፣ አለች።

እሱ በማግስቱ መልእክት ላከ። እናቴ ደም ግፊት አለባት፣ ተረጂኝ፣ ቀስ ብዬ አስረዳታለሁ ይላል። አልመለስኩለትም። ቀስ ብሎም አላስረዳም፤ በዓመቱ ሌላ አገባ፣ ቤተክርስቲያኑን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ሰኞ ሥራ ስገባ ማማ ዓይኗ በርቶ «እሺ፣ ወደዱት?» አለችኝ። ስጦታዋ ነዋ። «በጣም» አልኳት። እጅጌዬን ጠቀለለችና የጠዋቱን አንጓዬ ላይ ቀባች። ያን ቀን ክንዴን ቆርጬ ብጥለው ደስ ባለኝ።

ዓመታት አለፉ። ማማ ጉልበቷ ሲደክም ሱቁን ለኔ ተወችልኝ። ዘመኑም ዞረ፤ ኡድ ፋሽን ሆነ ተባለ። በየሞሉ የፈረንጅ ብልቃጥ ላይ ስሙ ተጽፎ ይሸጥ ጀመር፣ ሀበሻውም የራሱን ሽቶ እንዳገኘ ሰው ተሻማበት። ያን ቀን ራሴ ላይ እጃቸውን ከጫኑት አንዱ ሽማግሌ እንኳ ለልጃቸው ሠርግ ብለው መጥተው ክንዴን አሽትተዋል። አላወቁኝም፣ ወይም እንዳላወቁ ሆኑ። ሸጥኩላቸው።

አንድ ረፋድ እሱ ራሱ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። ወፍሯል፣ ጣቱ ላይ ቀለበት አለ፣ ሸሚዙ ያው የተተኮሰ። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ ስለ ሱቁ አደነቀ፣ ዙሪያ ገባውን አወራ። ከዚያ አንገቱን ሰበር አደረገና ጉዳዩን አወጣ። አዲስ አበባ ሊሄድ ነው፣ እናቱ ዘንድ፤ አርጅተዋል።

«በሄድኩ ቁጥር አንገቴን እያሸተተች ያ የድሮ ሽቶህ የት ሄደ ትለኛለች» አለኝ። «ሞሉን ሁሉ ዞሬ አጣሁት። ያን የሰጠሽኝን ነው የምፈልገው፤ ታስታውሺዋለሽ አይደል?»

የማማ ብልቃጥ ከኋላዬ መደርደሪያው ላይ ነበር፣ ግማሹ እንዳለ። አላወረድኩትም፣ ዞሬም አላየሁትም። እሱ ግን አየው።

«የምትለውን ሽቶ አላውቀውም» አልኩት።

ደህና ዋይ ብሎ በደረጃው ሥር ጎንበስ ብሎ ወጣ። ጠዋት አንጓዬ ላይ ተቀብቼው ነበር፣ ከዚያችው ብልቃጥ፣ እጄም ጠረጴዛው ላይ ከፊቱ ነበር። ሸቶታል።