አጎቴ ለጎረቤታችን የጻፉት ደብዳቤ

በቅርቡ የቀበርናቸው አጎቴ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በከምባታ ገጠር ወንጌል ሲያገለግሉ ነው። ሐዘንተኛን ለቅሶ ደርሰው ብቻ አይተዉትም፤ ቤታቸው ተመልሰው ደብዳቤ ይጽፉለታል። «ለቀስተኛው ሲበተን ሐዘንተኛው የሚነበብ ነገር ያስፈልገዋል» ይሉ ነበር።

አሜሪካ፣ ሲዋርድ ከተማ መጥተው ከእኔ ጋር ሲኖሩም ይህን ልማዳቸውን አልተዉም። የአሜሪካዊቷ ጎረቤታችን ባል ሲሞት፣ ሁለት ገጽ በአማርኛ ጽፈው በሯ ድረስ ወሰዱኝና «በይ ተርጉሚላት» አሉኝ። የሥራ ሺፍት ልገባ ቸኩያለሁ፤ የገጠር ሰባኪ አነጋገራቸውም አሳፈረኝ። «በጣም አዝኛለሁ ይላሉ» ብያት ደብዳቤውን ሰጠኋት።

አጎቴ ገርሟቸው «ያ ሁሉ ይችን ታህል ሆነ?» አሉኝ።

«እንግሊዝኛ አጭር ነው፣ ጋሼ።»

አመኑኝ።

ከአጎቴ ቀብር በኋላ ጎረቤታችን ያንኑ ደብዳቤ ይዛ መጣች። «እባክሽ፣ አሁን ሙሉውን አንብቢልኝ» አለችኝ። ማንም ደፍሮ ካልተቀመጠበት ወንበራቸው አጠገብ ሆነን አነበብኩላት። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «እህቴ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ እንበላለን። ብቻሽን አትብዪ። ሳታንኳኪ ግቢ።»



«እሑድ እሑድ ሳቃችሁ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል» አለችኝ ቀስ ብላ። «እንደተጠራሁ ባውቅ ኖሮ እመጣ ነበር።»

አጎቴ እሑድ ምሳ ሲቀርብ በሩን እንዳልቆልፍ ይከለክሉኝ ነበር። «ሐዘኑ ከብዷት ነው እንጂ ትመጣለች» እያሉ ወደ በሩ ያያሉ። ይህንን ግን አልነገርኳትም።