«ውስጥ ነው፣ ግቢ»

ከአሰብ በወጣንበት ቀን የዋሸኝ የወንድሜ የመርከብ አለቃ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ እሱ ራሱን ያውቃል።

ወንድሜ ባሕር ኃይል ሲገባ ገና ጺም አላበቀለም ነበር። በጥበቃ ጀልባ ላይ ለመድፉ ጥይት ያቀብላል። ፈቃድ ወጥቶ እኔ ቤት ሲያድር ጫማውን አያወልቅም። ከሁሉ የሚፈራው የትንሽ ጀልባ ሞተር ድምፅ ነበር። ጠላት መብራት አጥፍቶ የሚመጣባቸው በዚያ ዓይነት ጀልባ ነው። እሱ ሲደነግጥ አይቼ እኔም ያንን ድምፅ መፍራት ጀመርኩ።

ወደቡ ሊያዝ ሲል የመርከበኞች ቤተሰብ ሁሉ ባሕሩ ዳር ተሰበሰበ። አለቃው ክንዴን ይዞ «ወንድምሽ ውስጥ ነው፣ ግቢ» አለኝ። ገባሁ። ከወደቡ ከራቅን በኋላ መርከቡን ሁሉ ዞሬ ፈለግኩት። የለም።

«በሌላው መርከብ ይመጣል» አለኝ። የመን ገብተን፣ ቆይቶም በስደት ካልጋሪ ከተማ ተገናኝተን፣ «ተማርኮ ይሆናል፣ ተስፋ አትቁረጪ» ይለኝ ነበር። እናቴ መርዶ ስላልመጣላት ጥቁር አልለበሰችም። በር በተንኳኳ ቁጥር እየተነሳች ኖራ ሞተች።

በካልጋሪ የነዳጅ ገንዘብ እንደ ጉድ በሚፈስበት ጊዜ አለቃው ከከተማው ወጣ ብሎ ቸስተርሚር ሐይቅ ዳር ቤት ገዛ፤ ቀጥሎ የሞተር ጀልባ። የቸርቻችንን ሰው ባርቤኪው ጠራ። ሥጋው ሲጠበስ ልጄን ዞር ብዬ ባይ የለችም። የጀልባው ሞተር ተነሳ። ወደ ድምፁ ሮጥኩ።

«ልጅሽ ውስጥ ናት፣ ነይ ግቢ!» አለ አለቃው እየሳቀ።

«ትውጣና ልያት።»

«ምነው፣ እበላታለሁ እንዴ?»

«ጋሼ፣ ያስወጧት!» ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞረ።

ልጄ ላይፍ ጃኬት እንደለበሰች ብቅ አለች። «ማሚ፣ ስቶፕ! ሰው እያየን ነው።»

ጎትቼ አወረድኳት። እጇን ሳልለቅ ጠየቅኩት፦ «ወንድሜስ ያን ቀን የት ነበር?»

ሞተሩን አጠፋ። ሳቁም ጠፋ።

«ጠዋት ወደቡ በር ላይ ለጥበቃ የላክሁት እኔ ነኝ። እዚያው ተመታ። ሬሳውን አይቻለሁ። ያኔ ብነግርሽ ትገቢ ነበር?»

«ከገባሁ በኋላስ?»

ጎንበስ ብሎ የጀልባውን ገመድ ማሰር ጀመረ።

በማግስቱ ሲቲስኬፕ ሰፈር ባለው ቤቴ ለቅሶ ተቀመጥኩ። ሊያጽናናኝ መጣ። በሩን አልከፈትኩለትም።