አቡጀዲው ላይ የሮጠው ሙሴ

ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት በዋለ በሳምንቱ፣ አንድ ግሪክ ነጋዴ ሥዕል የሚያንቀሳቅስ መኪና በበቅሎ ጭኖ ደብረ ብርሃን ገባ። የበግ ጠጉር ይከማችበት የነበረውን ትልቅ መጋዘን ተከራየ፤ ብርሃን እንዳይገባ መስኮቶቹን ባና በሚባለው የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ደፈነ፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ሰፊ አቡጀዲ ወጠረ። ቀሳውስቱ የሰይጣን ሥራ ነው፣ ያየ ውጉዝ ነው አሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን መቆሚያ ጠፋ።

እኔ ልሄድ አላሰብኩም ነበር። ግራ እግሬ ከደብረ ብርሃን ውርጭ ጋር አይስማማም። ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ለጥምቀት የመጣው የልጅ ልጄ ግርማ ግን አላስቀምጥ አለኝ። «አባባ፣ ከጥፋት ውሃ በፊት የነበሩ አውሬዎች በሕይወት ይታያሉ፤ ዳይኖሰር ነው የሚባሉት፤ አንዱ ብቻውን ቤት ያክላል» አለ። እኔም በሶዬን ጠጥቼ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ እያነከስኩ ተከተልኩት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጥቂት ፈረንጆች ባሕር ተሻግረው፣ ተራራ ወጥተው፣ ማንም አያውቀውም ወደሚሉት ሸለቆ ይወርዳሉ። ማንም አያውቀውም ይበሉ እንጂ፣ ጭነታቸውን የተሸከሙት የዚያው አገር ሰዎች ናቸው፤ ከፊት ከፊት እየሄዱ መንገዱን የሚያሳዩትም እነሱው ናቸው። ይህን ለግርማ ብነግረው «እሽ፣ ዝም በል አባባ» አለኝ። ድምፅ የሌለውን ነገር ለመስማት ዝም በል መባሌ ገረመኝ።

ከዚያ አውሬው መጣ። አልዋሽም፣ አስደነገጠኝ። አንገቱ ከዛፉ በላይ ነው፤ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ «ድረሽ ማርያም!» ብለው ክንዴን ጨመደዱት። ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ረጅም ጠይም ሰው፣ ወደ ፈረንጆቹ ዞሮ አፉን ከፈተ። አንድ ነገር ተናገረ። ከንፈሩን አይቻለሁ፤ ቃል ነው ያወጣው። ወዲያው ሥዕሉ ጠፋና የፈረንጅ ጽሑፍ ወጣ።

«ምን አለ?» አልኩት ግርማን።

«‹ተሸካሚው በፍርሃት ጮኾ ሸሸ› ይላል።»

«ጽሑፉን አይደለም የጠየቅኩህ። ሰውየው ምን አለ?»

«እሱማ አልተጻፈም፣ አባባ።»

ደሜ ፈላ። አልተጻፈም! ለምን እንደፈላ ግርማ አያውቅም፤ አንባቢም አያውቅም። ለማስረዳት አንኮበር ገና የንጉሥ መቀመጫ ወደነበረችበት፣ የእኔም ጺም ገና ማቆጥቆጥ ወደጀመረበት ዘመን መመለስ አለብኝ።

ታላቅ ወንድሜ ደምሴ መንገድ መሪ ነበር። የነጋዴ ጭነት ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ፣ ከዚያም ቆላውን አቋርጦ እስከ አዋሽ ያደርሳል። የዚህ ሥራ ስንቁ ስም ነው። «ደምሴ ካለ ጭነቱ ገባ በሉ» ይባልለት ነበር። በዚያ ስም ነው የሺ የታጨችለት። አባቷ ርስት ያላቸው ኩሩ ሰው ነበሩ፤ ለድሃ ልጅ መስጠታቸው አገሩን አስገርሟል። ሰርጉ ለጥር ተቆርጦ እናታችን ጌሾ መውቀጥ ጀምራለች።

በኅዳር አንድ ሙሴ መጣ። ያኔ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ነበር። ጢሙ ቀይ፣ አፍንጫው ፀሐይ የላጠው፣ የንጉሥ እንግዳ ስለሆነ ድርጎ የሚሰፈርለት ሰው ነው። ከብብቱ የማይለየው መጽሐፍ ነበረው፤ እሱን እየገለጠ የአንድ አስፈሪ አውሬ ሥዕል ላገኘው ሁሉ ያሳያል። በአገራቸው አጥንቱን ከድንጋይ ውስጥ ቆፍረው አውጥተዋል አሉ። እሱ ደግሞ ነፍስ ያለው በእኛ ቆላ እንደሚገኝ በልቡ ወስኖ መጥቷል። የኛ ሰውስ ቢሆን? እንግዳ ማሳፈር ነውር ነውና የተጠየቀ ሁሉ «አለ፣ አለ፤ ከወንዙ ማዶ ነው» ይለዋል። አልዩ አምባ ገበያ ላይ አንድ አሞሌ ሻጭ ሥዕሉን ትክ ብሎ አየና «ይቺማ አምና ግመሌን የበላችው ናት!» አለ፤ ገበያው በሳቅ ፈረሰ፤ ሙሴውም አብሮ እየሳቀ በመጽሐፉ ጻፈ።

እውነቱን የነገረው ደምሴ ብቻ ነው። «አዋሽ ያለው አዞና ጉማሬ ነው። ከዚያ የሚበልጥ አላየሁም።» አስተርጓሚው ገብሬ ይህን ሲያስረዳው ሙሴው የደምሴን ትከሻ መታ መታ አደረገ። የፈራ መስሎታል።

ወረድን። እኔ በቅሎ ጫኝ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ያን ቁልቁለት ዛሬም በሕልሜ እወርደዋለሁ። ከላይ ጥዱ ጉም ለብሶ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ጥቂት ሲወርዱ ጋቢ ይከብዳል፤ አልዩ አምባ ሲደርሱ ሸንኮራ እየመጠጡ ጥላ መፈለግ ነው። እናታችን ጭኮ ሰንቃልን ነበር። ሙሴው በመጀመሪያ አሽትቶ ፊቱን አጨማደደ፤ ከአልዩ አምባ ወዲያ ግን የእኔንም ድርሻ ጨረሰው። ይህንንም አልረሳሁለትም።

አዋሽ የደረስን ዕለት ገብሬ ንዳድ ይዞት ካረፍንበት ሰፈር ቀረ። ጠዋት ነበር፤ ወንዙ ላይ ጭጋግ ተኝቷል። እኔ ቅል ይዤ ውሃ ልቀዳ ወረድኩ። ከእኔ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ደረቁ አሸዋ ላይ፣ ግንድ የመሰለ ትልቅ አዞ ተጋድሟል። አላየሁትም ነበር። ሙሴው ከላይ ሆኖ አየው፤ በጭጋጉ ውስጥ ምን መስሎ እንደታየው እግዜር ይወቅ፤ የደስታ ጩኸት ጮኸና ጠመንጃውን አነሣ። ደምሴ በእጁ ወደ እኔ እያመለከተ «ተው! አትተኩስ፣ ወንድሜ ውሃው ዳር ነው!» አለው። ተኮሰ።

አዞው ወገቡን ተመታ እንጂ አልሞተም። የቆሰለ አዞ ወደ ውሃው ነው የሚሮጥ፤ በእሱና በውሃው መካከል ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ግራ ባቴን ያዘኝ። ደምሴ ጦሩን ይዞ ሲደርስ ወገቤ ድረስ ውሃ ውስጥ ነበርኩ። በአንድ እጁ ብብቴን ጨምድዶ ያዘና «ተኩስ!» አለ። ዘወር ሲል ሙሴው ጠመንጃውን ታቅፎ ዳገቱን ወደ በቅሎዎቹ ይሮጣል። ያን ጊዜ ደምሴ ገደሉ እስኪያስተጋባ ጮኸ። «ቁም! በሕግ አምላክ ቁም!»

የዚህን ቃል ክብደት ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አይገባኝም። የሰው በሬ ነድቶ የሚሮጥ ሌባ ይህን ሰምቶ ይቆማል። ሊጋደሉ የተያያዙ ሰዎች ዱላቸውን ይጥላሉ። ደምሴ በሕግ አምላክ ተብሎ ያልቆመ ሰው በዕድሜው አላየም። ስለዚህ ብብቴን እንደያዘ ዞሮ ጠበቀው። ይቆማል ብሎ ጠበቀ! ወንድሜ በዚያ ቀን የሠራው ስሕተት ይህ ብቻ ነው። እሱ ሲጠብቅ አዞው ባቴን ዘነጠለው። ሙሴው በቅሎ ላይ ሲወጣ ባየ ጊዜ ደምሴ ተስፋ ቆረጠና ጦሩን በአዞው ዓይን ሰደደ። ለቀቀኝ።

ሰፈራችን ስንደርስ ማንም አልነበረም። ሙሴው ገብሬን በትኩሳቱ በቅሎ ላይ ጭኖ ስንቁን ሁሉ ይዞ ሄዷል። ደምሴ እግሬን በኩታው ጠቅልሎ አዘለኝ። ትልቅ ሰው ነበርኩ እኮ፤ ቁመቴ ከእሱ አያንስም። በዚያ ሐሩር፣ እህል ሳይቀምስ፣ እያወረደ እያነሣ ተሸከመኝ። በኋላ አንድ የአፋር ሰው አግኝቶን ወተት አጠጥቶ፣ ግመሉ ላይ አውጥቶ አልዩ አምባ አደረሰን። እግዜር ይስጠው፤ ስማችንን እንኳ አልጠየቀም።

ወሬው ግን በበቅሎ ቀድሞናል። ሙሴ ከጥንት የተረፈውን ዘንዶ አግኝተው አቆሰሉት፤ መንገድ መሪው እንደ ሴት ጮኾ ወንድሙን ለአውሬው ጥሎ ሸሸ፤ ይባላል። የታዘልኩት እኔ በሕይወት መምጣቴስ? ለዚያም መልስ አላጡም፤ «ኋላ አፍሮ ተመልሶ አነሣው» አሉ። ሙሴውንስ ተዉት፣ የመጣበትን አገር ባሕል አላውቅም። የኛ ሰዎች ግን ደምሴን ከሕፃንነቱ ያውቁታል። ስንቱ ጭነቱን አምኖ ሰጥቶታል! አንድ ቀይ ጢም ያለው እንግዳ ስለተናገረ ብቻ የሚያውቁትን ሰው ጣሉት። ያኔ የተቃጠለው አንጀቴ ዛሬም አልበረደም።

ደምሴ ገብሬን ፈልጎ አገኘው። እኔም በዱላ ተደግፌ አጠገቡ ነበርኩ።

«ምን ብሎ ነገረህ?»

«‹ጮኸ› አሉኝ፤ ‹ጮኸ› ብዬ ተናገርኩ።»

«ምን ብዬ እንደጮኽኩስ አልጠየቅከውም?»

«አማርኛ አይሰሙ፣ ከየት ያውቁታል? ደሞ እኔ አፋቸው ነኝ እንጂ ጆሯቸው አይደለሁም» አለና ፊቱን አዞረ።

የየሺ አባት ሽማግሌ ላኩ። «ልጄን ለሸሺ አልድርም» የሚል መልእክት ነው። ያኔ ደምሴ ወደ ችሎት ሄደ። ዳኛው ፊት እንደ አቤት ባይ ደንብ ድንጋይ ተሸክሞ ቆመና ሙሴውን አቁሙልኝ፣ ኩታዬን ከልብሱ አቆራኙኝና ልሟገተው አለ።

«ከሶሃል?» አሉት ዳኛው።

«አልከሰሰኝም ጌታዬ። አስወርቶብኛል።»

«ወሬ ዋስ አይጠራም። እሳቸውም የንጉሥ እንግዳ ናቸው፤ ከቁራኛ አይገቡም። ምስክርስ አለህ?»

«ይኸው ወንድሜ።»

«ወንድም ለወንድም አይመሰክርም። ካልከሰሰህ ምን ብለህ ትረታለህ? ሂድ፣ ቤትህ ግባ።»

እግሬን ገልጬ ላሳይ ብል ዘበኞቹ ገፍተው አስወጡኝ። ተከሶ ቢሆን ይረታ ነበር። ይህን ዛሬም እምላለሁ። ማንም አልከሰሰውም፤ ተወራበት፤ በቃ። ሙሴው ከነመጽሐፉ ወደ ባሕሩ ወረደ። የሺ ሰላ ድንጋይ ወደሚባል አገር ተዳረች። እናታችን የተወቀጠውን ጌሾ ለጎረቤት ሰጠች። ጭነት የሚሰጠው ሲያጣ ደምሴ ወደ ምንጃር ተሰደደ፤ አረርቲ አጠገብ የሰው መሬት እያረሰ ኖረ። ልጠይቀው ስሄድ ጤፉን እያሳየኝ ስለ ዝናብ ያወራኛል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጠላ ይዘን ተቀምጠን ሳለ፣ «የሚከሰኝ አጥቼ ቀረሁ፣ አየለ» አለኝ። እዚያው አረፈ።

እንግዲህ በዚያ መጋዘን ውስጥ «አልተጻፈም» ስባል የፈላው ደም ይህ ነው። ቀና ስል ፈረንጁ አቡጀዲው ላይ ይሮጣል፤ አውሬው ከኋላው ነው። መነሣቴን አላውቅም። ጋቢዬ ወድቋል። «ቁም!» አልኩ፤ «በሕግ አምላክ ቁም!»

የመኪናውን መዘውር የሚያዞረው ወጣት የቡልጋ ልጅ ነበር። እጁ ቆመ። አቡጀዲው ላይ ፈረንጁ አንድ እግሩን እንዳነሣ ቀረ። ወዲያው የቆመውን ሥዕል የመኪናው መብራት ለበለበው፤ ከደረቱ ላይ ጥቁር ነገር ታየ፤ ሰፋ፤ ፈረንጁም አውሬውም ነደዱ። የተቃጠለ ቀንድ የመሰለ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ግሪኩ እየተራገመ ከመስኮት ባና ገንጥሎ እሳቱን አዳፈነ። ግርማ አንገቱን ደፍቶ «አዋረድከኝ፣ አባባ» አለ።

በማግስቱ ግሪኩ ከሰሰኝ።

ወደ ችሎት የሄድኩት ነጭ ለብሼ፣ እንደ ሙሽራ ነው። የግሪኩን ኮት ጫፍ ከጋቢዬ ጫፍ ጋር አስረው አቆራኙን። እሱ በቁጣ ሊላቀቅ ይጎትታል፤ እኔ ቋጠሮውን አየዋለሁ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ። ዳኛው ነጭ ሽበት የወረራቸው ሰው ናቸው። ተናገር ሲሉኝ ከአንኮበር ጀምሬ እስከ አረርቲ ተናገርኩ። እግሬንም ገለጥኩ። ማንም ገፍቶ አላስወጣኝም።

«ታዲያ በሕግ አምላክ ያልከው ይህን ግሪክ ነው?» አሉ።

«እሱ ምን አደረገኝ? የሚሮጠውን ነው፣ ጌታዬ።»

ችሎቱ በሳቅ ተናወጠ። ዳኛው አልሳቁም።

«ቆመ?»

«ቆመ።»

ከዚያ ፈረዱ። መዘውሩን ያዞረው ልጅ በሕግ አምላክ ተብሎ በመቆሙ ጥፋት የለበትም። እኔ ግን በሌለ ሰው ላይ ሕግ ጠርቼ የሰው ንብረት አስጠፍቻለሁና ለግሪኩ ሙክት እንድሰጥ አዘዙ። ይግባኝ እንዳለኝ ሲጠይቁኝ የለኝም አልኩ።

ግርማ ሙክቱን እየጎተተ፣ እኔ እያነከስኩ አብረን ወሰድንለት። መንገድ ላይ «በግፍ ተፈረደብህ፤ ለምን ይግባኝ አላልክም?» ብሎ ተቆጣ። እንደ እኔ መቆጣት ጀምሯል፤ ደስ አለኝ። ነገርኩት። ተከሰስኩ፤ ፊት ለፊት ተጠየቅኩ፤ ያልኩትን ቃል በአፌ ተናገርኩ፤ ተረታሁ። ደምሴን ይህን ያህል እንኳ ነፈጉት።