ማይክሮንና የታንከሩ መጋጠሚያ

ወርክሾፓችን ውስጥ «ማይክሮን» የምንለው ሰው የቀለም ውፍረት ለኪ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ገና ሰላም ስትለው ስለ ሚሊሜትር ሺኛ ክፋይ ያወራሃል።

መሣሪያው ሙቀት የሚያይ ካሜራ ነው። የተቀባውን ብረት በትልቅ መብራት ለአፍታ ያሞቅና በካሜራው እያየ ይጠብቃል። ቀለሙ የሳሳበት ቦታ ሙቀቱን ለብረቱ አስረክቦ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ የወፈረበት ይዞ ይቆያል። ይኸው ነው። ይህን ለሥራ አስኪያጁ ስንቴ አስረዳው! ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። «ያብረቅርቅ እንጂ ቀለም ቀለም ነው» ይለዋል።

ይባስ ብሎ ቀቢያችን የማይክሮን እህት ባል ነው። ለሚታየው ፊት እጁ ለጋስ ነው፤ እኔ የበየድኩት መጋጠሚያ ላይ ሲደርስ ግን ይሰስታል። ማይክሮን አንዱን የውሃ ታንከር ሁለት ጊዜ መለሰበት። ሥራ አስኪያጁም ቀቢውን «ሦስተኛ ከተመለሰ ሌላ ሥራ ፈልግ» አለው። እህትየው ይህን ስትሰማ ወንድሟ ቤት ሄዳ፣ «ወንድም ጋሼ፣ በገዛ እጅህ ቤቴን ልታፈርስ ነው?» ብላ አለቀሰች። ማይክሮን እርር ድብን አለ። በማግስቱ ቀቢውን «መጋጠሚያውን ብቻ ድገምልኝ፣ በእናትህ» ብሎ ሲለምነው ሰምቻለሁ።

አልደገመውም። የልኬታው ዕለት ጠዋት ሙቅ አየር የሚነፋውን ማሽን ይዞ ታንከሩ ውስጥ ገባና መጋጠሚያውን ከውስጥ በኩል ያሞቀው ጀመር።

«ምን እየሠራህ ነው?» አልኩት።

«እያደረቅኩ ነዋ! አንተ ብየዳህን በይድ።»

ነገሩ ገብቶኛል። ግን ያ ታንከር ሦስት ሳምንት ቦታዬን ይዞብኝ ነበርና ሄዶልኝ ባረፍኩ አልኩ፤ ለማንም ሳልናገር ወደ ብየዳዬ ተመለስኩ።

ማይክሮን መብራቱን ከማብራቱ በፊት ብረቱ ሁሉ እኩል መቀዝቀዙን በካሜራው ሳያይ ጀምሮ አያውቅም። ያን ቀን ግን ሥራ አስኪያጁ «ደንበኛው በር ላይ ቆሟል!» እያለ ጆሮው ላይ ጮኸበት፤ ዘለለው። መጋጠሚያው ሙቀቱን ይዞ ሲቆይ አየ፤ ደስ ብሎት ፈረመ።

አንድ ክረምት ሳይሞላው ታንከሩ መጋጠሚያው ዝጎ ተመለሰ። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የማይክሮን ነው። እሱን በር ላይ የመኪና ታርጋ መዝጋቢ አደረጉት፤ ቀቢውን «ከሱ ሌላ ማን ይቀባዋል?» ብለው አስቀሩት። ይኼን ሳስብ ደሜ ይፈላል፤ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም።

ትናንት ስወጣ በሩ ላይ አስቆመኝ።

«አንተ አጠገቡ ነበርክ» አለኝ። «እንደዚያ የሳሳ ቀለም እንዴት ሙቀት ይዞ ይቆያል? እንቅልፍ ነሳኝ እኮ። ያየኸው ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም።»

«እንግዲያው የኔው ዓይን ነው» አለና የበሩን ሰንሰለት አወረደልኝ።