ለአክስቴ ቤት ጎማ ስንፈልግ

አክስቴ ከዐረብ አገር ስትመለስ ሁለት ነገር ወሰነች። አንደኛው ንግድ ነው፤ አንሶላ፣ ብርድ ልብስና የሻይ ስኒ ይዛ ከመካነ ሰላም እስከ አቀስታ፣ ከወግዲ እስከ ኩታበር ያሉትን ገበያዎች ማዳረስ። ሁለተኛው ከእንግዲህ በሰው ቤት አለማደር ነው። ሁለቱ ውሳኔዎች አብረው እንደማይሄዱ ለሁላችንም ግልጽ ነበር። ገበያ የሚዞር ሰው አልቤርጎ ያድራል፤ አልቤርጎ ደግሞ የሰው ቤት ነው፣ ያውም ቁንጫ ያለበት።

እሷ ግን መላ ነበራት። ትሠራለት የነበረው ቤተሰብ ብርድ ሲገባ በረሃ ወጥቶ የመስፈር ልማድ ነበረው። ከመኪናቸው ኋላ አልጋና መስኮት ያላት ትንሽ ቤት ይጎትታሉ። እነሱ እዚያ ይተኛሉ፤ አክስቴ ከድስቶቹ ጋር ድንኳን ውስጥ። አንድ ቀን ሁሉም አሸዋው ላይ ሊጫወቱ ሲሄዱ፣ ልታጸዳ ገባችና በሩን ከውስጥ ቆልፋ ጋደም አለች።

«ወላሂ፣ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም» ትላለች። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የተኛችባቸው ክፍሎች በራቸው ከውስጥ አይቆለፍም ነበር። ይህን የምትነግረን እየሳቀች ነው። እኛም አብረናት እንስቃለን፤ ከዚያ እናቴ የሆነ ነገር እንደረሳች ሰው ብድግ ብላ ጓዳ ትገባለች።

አክስቴ ባጠራቀመችው አሮጌ ፒካፕ ገዛች፤ ሹፌሩ ወንድሜ ሆነ። ቤቷን የሠራላት የከተማችን በያጅ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲቆርጥና ሲቀጠቅጥ ጆሮው የደከመ፣ ስለዚህም «ደህና አደራችሁ» ሲል እንኳ ሰፈሩ የሚነቃ ሰው። ግድግዳው ላሜራ፣ ወለሉ እንጨት፣ መስኮት ያለው፣ በሩም በውስጥ በኩል ወፍራም መቀርቀሪያ ያለው ቤት ሠራ። ሰማያዊ ቀለም ቀባው። ከታች ደግሞ ከአንድ የተጣለ ሚኒባስ የተነቀለ አክስል፣ ሁለቱን ጎማ የሚያያይዘውን ብረት፣ ከነጎማው ገጠመለት።

«ጎማ ጎማ ነው!» ብሎ ጮኸ፣ ወንድሜ ሲጠራጠር።

የሞከርነው ከከተማው ወጣ ብለን ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የበልጉ ዝናብ አባርቶ፣ ከባድ መኪኖች ጭቃው ውስጥ ያረሷቸው ሁለት ቦዮች እንደ ሸክላ ደርቀው ነበር። ፒካፑ ጎማዎቹን በሁለቱ ቦዮች ውስጥ አስገብቶ ቀጥ ብሎ ሄደ። የቤቷ ጎማዎች ግን እርስ በርስ ይቀራረባሉ፤ አንዱ ቦይ ውስጥ ሲገባ ሌላው መሀል ጉብታው ላይ ይወጣል። እያነከሰች ተከተለችው። አክስቴ «ያልተኛሁበትን ቤት አልረከብም» ብላ ውስጥ አልጋው ላይ ነበረች። ጥቂት እንደሄድን ቤቷ ቀስ ብላ አዘነበለችና የመንገዱን ዳር ተደግፋ ቆመች። ሮጥን። በመስኮቱ መጀመሪያ ትራስ ወጣ፤ ቀጥሎ አክስቴ።

«እትዬ፣ ደህና ነሽ?» አለ ወንድሜ።

«አልሐምዱሊላህ፣ አልጋው ጥሩ ነው» አለች አቧራዋን እያራገፈች። «ግን ለምንድን ነው እግሬ ከራሴ በላይ የሆነው?»

የሚኒባሱ ጎማ ከፒካፑ ጎማ ስለሚያንስ ነው፤ ቤቷ ከኋላ ዝቅ፣ ከፊት ከፍ ብላ ነበር የምትሄደው። በዚያ ላይ የሚኒባሱ ጎማ በአምስት ቡሎን ይታሰራል፤ የፒካፑ በስድስት። መንገድ ላይ አንዱ ቢተነፍስ የመኪናው ስኮርታ፣ ትርፍ ጎማው፣ ለቤቷ አይሆንም።

«ሁለት ስኮርታ ያዙ!» አለ በያጁ።

«የት ላስቀምጠው? አልጋዬ ላይ?» አለች አክስቴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ተምረሻል።»

«እትዬ፣ እኔ የተማርኩት የአፈርና ውሃ ጥበቃ ነው።»

«ጎማ ምን ላይ ነው የሚሄደው? አፈር ላይ አይደል?»

ወደ ጎማው ጎንበስ አልኩ።

አንድ ነገር ከተሰጠኝ እስከ ጥግ ድረስ ካልተረዳሁት እረፍት የለኝም። የጎማ ጎን ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች ማንበብ ተማርኩ። ሁለት ጎማዎች ቁጥራቸው አንድ ሆኖ የቡሎን ቀዳዳቸው እንደሚለያይ፣ ቀዳዳቸው አንድ ሆኖ ደግሞ ጎማውን የሚሸከመው ብረት፣ ቸርኬው፣ ወደ ውስጥ በመግባቱ ወይም ወደ ውጭ በመውጣቱ እንደሚለያዩ አየሁ። መጨረሻ ላይ የደረስኩበት ቀላል ነገር ነው፤ ከአክስቴ ፒካፕ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ሌላ ፒካፕ ፈልጎ የኋላ አክስሉን ከነጎማው መንቀል። ያን ጊዜ የቤቷ ጎማዎች በቁመትም፣ በስፋትም፣ በቡሎንም ከመኪናው ይገጥማሉ፤ አንድ ስኮርታም ለሁሉም ይበቃል።

የከበደኝ ሰው መጠየቁ ነበር። ድምፄ ዝቅ ያለ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጥናቴን ሳቀርብ ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች ያጨበጨቡት አፌ መንቀሳቀሱን ሲያቆም አይተው ነው። ስለዚህ ሹፌሮችን ከመጠየቅ ይልቅ ምሳ ሲገቡ ጠብቄ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር የመኪኖቻቸውን ጎማ እለካ ጀመር። አንድ ቀን ቁጢጥ ብዬ ስለካ ከጀርባዬ ሰው ቆመ።

«እህት፣ ሱሪ ልትሰፊለት ነው?»

ባለመኪናው ነበር። ከኋላው ያሉት ሹፌሮች ሳቁ። «እባክሽ ወገቡን ሰፋ አድርጊለት፣ ወፍሯል!» አለ አንዱ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ምን እንደምፈልግ በለሆሳስ ስነግረው ሰውዬው ሳቁን ትቶ አሰበ። አቀስታ አጠገብ አንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ ልክ የእኛ ዓይነት ፒካፕ ሞተሩ ሞቶ ቆሟል፤ የልጃቸው ነው፤ ልጁ ዐረብ አገር ነው። ስልኩንም ሰጠኝ። ወንድሜ ደወለ፤ ልጁም በዋጋ ተስማምቶ «እናቴ እሺ ካሉ ንቀሉት» አለ።

የአረፋ ገበያ ደርሶ ነበር። አክስቴ ብርድ ልብሶቿን ጠቅልላ ጨርሳለች። በያጁን ይዘን አራት ሆነን ሄድን።

አሮጊቷ በትሕትና ተቀበሉን። ጉዳያችንን ከሰሙ በኋላ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እማማ፣ ልጅዎ ፈቅዷል እኮ» አለ ወንድሜ።

«እሱስ ይፍቀድ። እሷስ?» ብለው ወደ ፒካፑ ጋቢና አመለከቱ። የፊተኛው ወንበር ላይ፣ ገለባ መሀል አንዲት ቀይ ዶሮ ተቀምጣ አየችን። «ገና መታቀፏ ነው። ያለፉትን ጫጩቶች ሸለምጥማጥ ጨረሰባት። በስንት ልመና እዚህ ገባች። አሁን ከተነሳች አትመለስም።»

«ከነገለባዋ አንስተን ወደ ቤት ብናስገባትስ?»

«አንተን ከነአልጋህ አንስቼ ሌላ ቤት ብወስድህ ትተኛለህ?»

ወንድሜ ወደ አክስቴ ዞረ። አክስቴ ዶሮዋን እያየች ነበር። ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ እንጠብቅ ብንል አረፋ ያልፋል፤ ገበያውም ያልፋል።

«ዶሮዋን ማንም አይነካትም» አለች። «ቤት ያላትን አስነስቼ ቤት አላቆምም። ግን እማማ፣ እሷ ከፊት ናት፤ ጎማው ከኋላ ነው። በዝግታ ብንነቅለውስ?»

አሮጊቷ ከዶሮዋ እስከ ጎማው ያለውን በዓይናቸው ለኩ። «ድምፅ ሳታሰሙ ከሆነ እሺ። እሷ ከተነሳች ግን እናንተም ትነሳላችሁ።»

«አብሽሩ እማማ! ይነቀላል!» ብሎ በያጁ ጮኸ።

ዶሮዋ አንገቷን አቀናች። ሁላችንም ጣታችንን አፋችን ላይ አደረግን። እሱ ደነገጠ፤ «ምን አልኩ?» አለ፣ በዚያው ድምፅ። በመጨረሻ አክስቴ ሻርፗን አውልቃ አፉን አሰረችለት። ሥራ ነው ብሎ ዝም ብሎ ታሰረ።

እኔን ጋቢናው መስኮት ዘንድ አቆሙኝ። ዶሮዋ በእኔ መቆም አልተረበሸችም። እጄን ካነሳሁ ሁሉም ይቆማል፤ ካወረድኩ ይቀጥላል። የዛጉትን ቡሎኖች በመዶሻ መምታት ስለማይቻል ናፍጣ እያፈሰሱ ይጠብቃሉ። ወንድሜ መፍቻ ሲፈልግ በሹክሹክታ ይጠይቃል፤ አክስቴ በሹክሹክታ ትሰድበዋለች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሁሉ በእኔ ድምፅ ያወራ ነበር። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለኝ። «ቀስ» ስል በያጁ እንኳ ሰማኝ፤ ወይም እጄን አየ።

ችግሩ የመጣው መኪናውን ስናነሳ ነው። የያዝነው ክሪክ አንድ ብቻ ነው። አንዱ ጎን ከፍ ሲል መኪናው ያዘነብላል፤ እንቁላሎቹ ተንከባለሉ፤ ዶሮዋ በግማሽ ተነሳች። እጄን አነሳሁ። አወረዱት። በሌላው ጎን ሞከሩ፤ ያው ነው። ሁላችንም መኪናውን ከብበን አንገታችንን ደፍተን ቆምን። አሮጊቷ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ያያሉ።

ያን ጊዜ የግቢው በር ተከፈተ። ጋቢ የተከናነቡ ወንዶችና ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች በዝግታ መግባት ጀመሩ።

መጀመሪያ አልገባኝም። በኋላ እኛን በእነሱ ዓይን አየሁ። ልጃቸው ዐረብ አገር ያለ እናት ግቢ ውስጥ የማይታወቅ መኪና መጥቶ ቆሟል፤ ጥቁር አባያ የለበሰች ሴት ወርዳለች፤ ሰዎቹ በሹክሹክታ ያወራሉ፤ አንዱ አፉን አስሯል፤ እናትየው እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገዋል። መርዶ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

ከፊት ያሉት ሴት ሁለት እጃቸውን ወደ ራሳቸው አነሱ፤ ደረታቸው በአየር ሞላ። ዋይ ሊሉ ነው። ዶሮዋ!

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ሰላም ለማለት እንኳ የምፈራቸውን ሴት ሁለት እጃቸውን ያዝኳቸው።

«እናቴ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ አይጩሁ። ማንም አልሞተም።»

«ልጁስ?»

«ደህና ነው። ዛሬ ጧት በስልክ አነጋግሮናል።»

«ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው ዝም ያላችሁት?»

«ዶሮዋ ታቅፋለች።»

ሴትየዋ በትከሻዬ ላይ አሻግረው ወደ ጋቢናው አዩ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው ለቀጣዩ ሰው በጆሮው ነገሩት፤ እሱም ለቀጣዩ። ወሬው እስከ በሩ ድረስ በሹክሹክታ ተላለፈ። አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ለማያውቅ ሰው ያለቅሱ ይመስላሉ።

«ለዶሮ ነጠላ አዘቀዘቅሁ» አሉ ሴትየዋ ቀስ ብለው። «ይህን ለማን አወራዋለሁ?»

አሮጊቷ ጎረቤቶቻቸው ለምን እንደመጡ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ከድንጋዩ ተነሱ። ስልካቸውን ይዘው ከቤቱ ኋላ ሄዱ፤ ልጃቸውን ደውለው ምን በልቶ እንደዋለ ሲጠይቁት ይሰማኝ ነበር።

ሽማግሌው እንባቸውን ጠርገው ወደ መኪናው መጡ። «ለቃሬዛ የመጣ ትከሻ ለመኪናም ይሆናል» አሉ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ከግራም ከቀኝም እኩል ቆሙ። እጄን ቀስ አድርጌ ሳወርድ መኪናው ቀጥ እንዳለ ከመሬት ተነሳ፤ አንድም እንቁላል አልተንከባለለ። ወንድሜና በያጁ ከሥር ድንጋይና ግንድ ደረደሩ። አክስሉ በራሱ ጎማዎች እየተሽከረከረ ወጣ። ዶሮዋ አንድ ዓይኗን ጨፈነች። በያጁ የታሰረ አፉን ይዞ ዘለለ፤ የሻርፑ ጥቅም ያን ጊዜ ይበልጥ ታወቀ።

በያጁ አክስሉን ለቤቷ ገጠመላት፤ በአረፋ ዋዜማ አቀስታ ገበያ ገባን። ከዋናው መንገድ ወደ ገበያው በሚያስገባው የተቦረቦረ መንገድ ላይ ቤቷ ፒካፑ በረገጠበት ብቻ እየረገጠች ተከተለችው፤ ወንድሜ በመስተዋቱ እያየ በአላህም በማርያምም ማለ። ደልዳላ ቦታ ፈልገን ቆምን። ብርድ ልብሶቹንና አንሶላዎቹን አውርደን ግድግዳዋ ላይ ዘረጋን። አክስቴ «ስኒዎቹን ላውጣ» ብላ ገባች።

መቀርቀሪያው ከውስጥ ሲገባ ሰማሁ።

ጠበቅኩ። ሰው መምጣት ጀመረ። ወንድሜ ሻይ ሊጠጣ ሄዷል። በሩን ለማንኳኳት እጄን አነሳሁና መለስኩት። አንዲት ሴት ብርድ ልብሱን እያሻሹ «ባለቤቷ የታለች?» ሲሉኝ፣ «እኔ ነኝ የምሸጠው» አልኩ። አልሰሙኝም። ጮክ ብዬ ደገምኩት። ከዚያ በኋላ እስከ ከሰዓት ድረስ ዋጋ ስናገር፣ ስከራከር፣ ስምልም ዋልኩ።

አክስቴ በሩን ከፍታ ስትወጣ ጉንጯ ላይ የትራሱ ስፌት ታትሞ ነበር። ፀሐዩን በእጇ ጋርዳ ዙሪያዋን አየች።

«ገበያው እንዴት ነው?»

«ብርድ ልብሱ አልቋል።»

«ማሻአላህ! ስኒውስ?»

«ስኒው አልተሸጠም፤ ውስጥ ነበር። በሩ ተቆልፎብኝ።»

«አዎ» አለች አክስቴ፤ ፊቷ ቀስ እያለ በራ። «ተቆልፎ ነበር።»